መርፌው ሩጫውን አይተካም፦ ስለ ልብና ስለ ሚቶኮንድሪያ ፔፕታይዶች የሚሠሩ ስህተቶች

የልብ ጡንቻ ረፍት የለውም። ጉልበት ማመንጫው ሚቶኮንድሪያ ሲሆን፣ ከልብ ጡንቻ ሕዋስ ሲሶ የሚሆነውን ቦታ ይይዛል። ስለዚህ «ሚቶኮንድሪያን የሚያነቃ ፔፕታይድ (የፕሮቲን መገንቢያ የሆኑ አሚኖ አሲዶች የተያያዙበት አጭር ሰንሰለት) ተገኘ» ሲባል ጆሮ መቆሙ አይገርምም። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

ፔፕታይዱን የስፖርት ምትክ ማድረግ። ዋናው ስህተት ይኼ ነው። ብዙ የሚወራለት ሞትስ-ሲ የተባለው ፔፕታይድ 16 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት ሲሆን፣ የሚሠራበት መመሪያ በራሱ በሚቶኮንድሪያ ዲኤንኤ ውስጥ ይገኛል። በ2015 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። በ2021 በወጣ ጥናት፣ ጤነኛ ወጣት ወንዶች ብስክሌት ሲነዱ በጡንቻቸው ውስጥ ያለው መጠን ወደ 12 እጥፍ ገደማ ጨምሯል። ልብ በሉ፦ ፔፕታይዱን ያመጣው ስፖርቱ ነው! ደግሞ ስፖርት የሚሠራው ይህን ብቻ አይደለም። አዘውትሮ የሚንቀሳቀስ ሰው የደሙ መጠን ይጨምራል፣ ልቡ በአንድ ምት ብዙ ደም ይረጫል፣ ሲያርፍ የልብ ምቱ ይቀንሳል፣ የደም ሥሮቹም በቀላሉ ይሰፋሉ። ይህን ሁሉ በአንድ ብልቃጥ ማግኘት አይቻልም።

የአይጥን ውጤት ለሰው መስጠት። የስኳር በሽታ ባለባቸው አይጦች ላይ ኤሮቢክ እንቅስቃሴም ሞትስ-ሲም የልብን አሠራር አሻሽለዋል። ደስ የሚል ግኝት ነው። ግን ሞትስ-ሲ ለሰው የልብ ሕመም መድኃኒት ሆኖ አልጸደቀም።

ስሙን አይቶ ሁሉንም አንድ ማድረግ። ኤላሚፕረታይድ የሚባለው ሌላ ፔፕታይድ በላቦራቶሪ የተሠራ ነው። ሚቶኮንድሪያ ላይ ይሠራል እንጂ ከሚቶኮንድሪያ አይወጣም። የአንዱን ጥናት ለሌላው ማስረጃ ማድረግ አያስኬድም።

«ለምርምር ብቻ» የተባለውን መወጋት። ጽሑፉ እዚያ ላይ የተለጠፈው ለጌጥ አይደለም። ንጽሕናውንም መጠኑንም ለሰው ብሎ ያረጋገጠ የለም። ተወዳዳሪ ስፖርተኛ ከሆኑ ደግሞ ሞትስ-ሲ በዓለም አቀፉ የፀረ-ዶፒንግ ኤጀንሲ የተከለከለ ነው።

በእጅ ሰዓት ላይ በሚታይ የልብ ምት ቁጥር ብቻ መመራት። ከፍተኛውን የልብ ምት ለማወቅ የሚጠቀሙበት «220 ሲቀነስ ዕድሜ» የሚለው ስሌት ግምት ነው፤ ከሰው ሰው በ10 ምት እና ከዚያም በላይ ሊስት ይችላል። ቤታ ብሎከር (የልብ ምትን የሚያዘገይ መድኃኒት) የሚወስዱ ሰዎች ላይማ ጭራሽ አይሠራም፤ መድኃኒቱ ምቱን ስለሚይዘው ቁጥሩን ለመድረስ ሲሉ ከአቅም በላይ ይሮጣሉ። ቀላሉ መለኪያ አፍ ነው። እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎ፣ መካከለኛ ፍጥነት ላይ ነዎት። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ ይህንን ይመክራል። ቀስ ብሎ መጀመር ነውር የለውም። የልብ ሕመም ካለብዎ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ፤ በመሀል ደረትዎን ከጨመደደዎ ወይም ራስዎን ሊያስትዎ ከሞከረ ወዲያው አቁመው የሕክምና እርዳታ ይጠይቁ።