ሙዚቃ ወዳጅ እናትን በሙት ዓመቷ ለማሰብ
በድሬዳዋ የእናቱን ሙት ዓመት የሚያዘጋጅ ቤተሰብ ከጸሎቱና ከዝክሩ ጎን ለጎን ካሴቶቿን አስቀድሞ ቢሰበስብ መልካም ነው። ሙቀት የካሴት ክርን ስለሚጎዳ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የከረሙትን ወደ ቀዝቃዛ ክፍል አውርዶ፣ የላላውን ክር በእስክሪብቶ ቀስ ብሎ ካጠነጠኑና የቴፑን ራስ (ክሩን የሚያነበውን የማጫወቻውን ክፍል) አልኮል በነካ ጥጥ ጠርገው ካደረቁ በኋላ፣ በመጀመሪያው ማጫወት ወደ ኮምፒውተር መቅዳት ይገባል፤ ያረጀ ክር መመላለስን አይችልምና። በዓሊ ቢራ ዜማ መሐል፣ ልጆቿን ለምሳ ስትጠራ ድምፅዋ ሳይታሰብ ተቀድቶ ቢገኝ፣ ቅጂውን ለማጥራት ተብሎ ፈጽሞ እንዳይቆረጥ፤ ከዘፈኑ የሚበልጠው እሱ ነው። የትኛውን ዘፈን በማን ሠርግ እንደጨፈረችበት አክስቶችን ጠይቆ በካሴቱ ሽፋን ላይ መጻፍ ያስፈልጋል። ማጫወቱ ከቄሱ ቡራኬ በኋላ ይሁን፤ ቅጂው በፍላሽ ለየልጆቿ ይሰጥ።