በጾታዊና በኢ-ጾታዊ ተዋልዶ በሚራቡ ሳሮች የአበባ ብናኝ አፈጣጠርን በማይክሮስኮፕ መመልከቻ መንገድ

ያለ ፅንሰት ዘር የሚያፈሩ ሳሮችን የሚያጠና ሰው አስቀድሞ ሊረዳው የሚገባው፣ ዋናው ልዩነት ያለው በሴቴው ወገን መሆኑን ነው። አፖሚክሲስ በሚባለው በዚህ ተዋልዶ እንቁላሉ የክሮሞዞም ቁጥሩ ሳይቀነስ ይፈጠርና ከወንዴ ዘር ጋር ሳይዋሐድ ወደ ፅንስ ያድጋል፤ ብናኙ ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጾታዊዎቹ ሁሉ በሚዮሲስ፣ ማለትም የክሮሞዞምን ቁጥር በግማሽ በሚቀንሰው የሴል ክፍፍል፣ ያልፋል። የብዙዎቹ የዘር ስንቅ፣ ማለትም ኢንዶስፐርሙ፣ የሚያድገው በብናኝ ሲዳብር ብቻ ስለሆነ ብናኙ ትርፍ ነገር አይደለም።

ዛላውን ገና በቅጠል አፎት ተሸፍኖ ሳለ ይቁረጡ፤ የብናኝ ከረጢቶቹ ቢጫ ከሆኑ ሚዮሲሱ አልፏል። ሦስት እጅ ንጹሕ አልኮል ከአንድ እጅ ውኃ አልባ አሴቲክ አሲድ ጋር በተቀላቀለበት ፈሳሽ ውስጥ ለ24 ሰዓት ካቆዩት በኋላ ወደ 70 በመቶ አልኮል አዛውረው በማቀዝቀዣ ያስቀምጡት። ከረጢቱን ክሮሞዞሞችን ቀይ በሚያቀልመው በ1 በመቶ አሴቶካርሚን ጠብታ ውስጥ በመርፌ ቀድደው ልጣጩን ያስወግዱ፤ ከዚያም መሸፈኛውን መስታወት አኑረው፣ ሳይፈላ ጥቂት አሙቀው፣ ወደ ጎን ሳያንሸራትቱ በአውራ ጣት ይጫኑት።

በጤናማ ጾታዊ ሳር የብናኝ እናት ሴሏ ሁለት ጊዜ ተከፍላ፣ ካሎስ ከሚባል ካርቦሃይድሬት በተሠራ ግድግዳ የታቀፉ አራት ሴሎች ታስገኛለች። ግድግዳው ሲሟሟ እያንዳንዱ ሴል ተለይቶ አንዲት ቀዳዳ ያለችው ብናኝ ይሆናል፤ ሲበስልም አንድ ትልቅ ሴልና ሁለት የወንዴ ዘር ሴሎች ይይዛል።

አፖሚክቲክ ሳሮች በአብዛኛው ፖሊፕሎይድ፣ ማለትም ከሁለት በላይ የክሮሞዞም ስብስብ ያላቸው፣ ናቸው፤ ለምሳሌ ጊኒ ሳር 16 ክሮሞዞም ሲኖረው ጾታዊ፣ 32 ሲኖረው ግን አብዛኛውን ጊዜ አፖሚክቲክ ነው። ስለዚህ ጥንድ ያላገኙ ክሮሞዞሞችን፣ በክፍፍሉ ወደ ኋላ የቀሩትን፣ በአራቱ ሴሎች ውስጥም ትንንሽ ትርፍ ኒውክለሶችን ፈልገው ይቁጠሩ። ሆኖም ይህ መዛባት የሚመጣው ከክሮሞዞሙ መብዛት ሊሆን ስለሚችል፣ ከአፖሚክሲስ የመጣ ነው ብሎ መደምደም ከባድ ስሕተት ነው። እኔ ተገቢ የምለው ንጽጽር የክሮሞዞም ቁጥሩ እኩል ከሆነ ጾታዊ ተክል ጋር የሚደረገውን ነው።

የበሰለውን ብናኝ በአዮዲንና ፖታሲየም አዮዳይድ ውሕድ ይንከሩት፤ ስታርች የሞላው ይጠቁራል፣ ባዶው ገርጥቶ ይቀራል። ብዙው የጠቆረለት አፖሚክቲክ ተክል ጾታዊ እናትን ለማዳቀል በአባትነት ሊሞከር ይችላል። የተዋልዶውን ዓይነት ለመለየት ግን ከዚያው ዛላ የሴቴዎቹን የአበባ ክፍሎች በሌላ ብልቃጥ ማስቀመጥና እንቁላሉ የሚገኝበትን የፅንስ ከረጢታቸውን ለብቻ መመርመር ያስፈልጋል።