ሰከንዱ የቆመ ሲኮ ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉ

የድሮ አውቶማቲክ ክሮኖግራፍ (ሲንቀሳቀስ ራሱ የሚሞላ፣ እንደ ስቶፕዋች ጊዜ መቁጠሪያም ያለው የእጅ ሰዓት) መሰብሰብ የጀመርኩት እዚሁ ለገጣፎ በገዛሁት ሲኮ 6139 ነው፣ ሰውዬው «ሰከንዱ አይሰራም፣ ለመለዋወጫ ትሆንሃለች» ብሎ በርካሽ ሰጠኝ። ቤት ገብቼ ከመሙያው በላይ ያለችውን ቁልፍ ጫን ሳደርግ ቆጣሪዋ ሽው ብላ ሄደች። ለካ ይሄ ሞዴል ሁሌ የሚዞር ሰከንድ የለውም፣ መሃል ያለችው ረጅሟ ቆጣሪ የክሮኖግራፉ ናት፣ ካላስነሷት ቆማ ነው የምትውለው።

ስለዚህ እጃችሁ ስትገባ መሙያውን በማዞር አትድከሙ፣ 6139 በእጅ አይሞላም፣ ወዝወዝ አድርጉትና ጆሯችሁ ላይ ያዙት። ከዛ የላይኛዋን ቁልፍ ጫን ስትሉ ትነሳለች፣ ስትደግሙት ትቆማለች፣ የታችኛዋን ስትጫኑ ደግሞ 12 ላይ መመለስ አለባት፣ ለጥቂት ካለፈች ጎበዝ ሰዓት ሰሪ ያስተካክላታል፣ ጭራሽ ካልተመለሰች ግን ወይ ዋጋ አስቀንሱ ወይ ተዉት። ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው፦ አስነስታችሁ ሙሉ 30 ደቂቃ ጠብቁ፣ ቡና ጠጡ በቃ፣ ሻጩም ይቀመጥ። 6 ቁጥር ጋ ያለችው ትንሿ ክብ እስከ 30 ደቂቃ ትቆጥራለች፣ እኔ ሁለተኛዋን ተቻኩዬ ገዝቼ 10 ደቂቃ ላይ እየደረሰች የምትቀር ሆና አረፈችው።

ቀኑን ለመቀየር መሙያውን አትሳቡ፣ በትንሹ ወደ ውስጥ ሲጫኑት ቁጥሩ፣ ጠለቅ ሲያደርጉት የሳምንቱ ቀን ይቀየራል፣ ግን ሰዓቱ ከ9 እስከ 3 መሃል እያለ አትንኩት። በነገራችን ላይ በኛ አቆጣጠር ካስተካከላችሁት ቀኑ የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ሳይሆን ጠዋት ወይ ማታ 12 ሰዓት ላይ ነው፣ ተበላሸ ብላችሁ እንዳታስፈቱት።

ዕድሜውን ከጀርባው ቁጥር ታውቃላችሁ፣ የመጀመሪያው አሃዝ ዓመት ሁለተኛው ወር ነው፣ በ36 ከጀመረ በፈረንጅ 1973 ሰኔ ማለት ነው፣ 9 ከሆነ ግን 1969ም 1979ም ሊሆን ይችላል።

ቢጫ ፊት ያለው ከመጣ ተረጋጉ። ዊሊያም ፖግ የሚባለው አሜሪካዊ ጠፈርተኛ በ1973 ስካይላብ በሚባለው የአሜሪካ የጠፈር ጣቢያ ላይ አስሮት ስለነበር ዋጋው ይሰቀላል፣ አዲስ ተመሳስሎ የተሰራ ፊትም ሞልቷል፣ የ50 ዓመት ሰዓት ፊቱ እንደ ትናንት ካበራ ጠርጥሩ።

ደግሞ ፖሊሽ አታስደርጉት፣ የተበላ ጠርዝ አይመለስም። ክረምት ላይም ቤት ተዉት፣ ውስጡ ያለችው ጎማ ደርቃለች፣ የለገጣፎን ዝናብ አትችለውም።