ፎቶው ከካሜራ ወደ ኮምፒውተር አልሄድ ሲል

ጅማ ውስጥ የምርቃት ሰሞን ካሜራ ያለው ሁሉ ሥራ አያጣም። ተመራቂው በጋውን፣ ቤተሰቡ በነጭ ልብስ፣ ቀኑን ሙሉ ከዩኒቨርሲቲው ግቢ እስከ ጅሬን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ሲነሣ ይውላል። ጣጣው የሚጀምረው ማታ፣ ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ ማውረድ ሲያስፈልግ ነው።

ኮምፒውተሩ ፎቶ አላሳይም አለ ማለት ፎቶው ጠፋ ማለት አይደለም። ፎቶ በብዛት የሚጠፋው ከዚያ በኋላ በሚመጣው ጥድፊያ ነው። ስለዚህ ችግሩ እስኪታወቅ ድረስ ፎቶው ባለበት የካሜራ ካርድ አዲስ ፎቶ አያንሡ፣ ምንም ነገር አይሰርዙበት።

ካሜራው በኬብል ተሰክቶ ኮምፒውተሩ ዝም ሲል

ካሜራው በርቷል? ብዙ ካሜራዎች ካልበሩ ከኮምፒውተር ጋር አይገናኙም፤ ባትሪው የደከመ ከሆነም መሃል ላይ ይጠፋሉ። በአንዳንዶቹ ላይ ደግሞ ዋይፋይ እንደበራ ኬብሉ አይሠራም፤ ያጥፉት።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ጥፋቱን ኬብሉ ላይ ይፈልጉ። ከስልክ ቻርጀር ጋር በርካሽ ከሚሸጡት ኬብሎች አንዳንዶቹ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉት ሁለት ሽቦዎች ብቻ ናቸው ያሏቸው፤ ፋይል የሚያልፍባቸው ሌሎቹ ሁለቱ የሉም። ለመፈተሽ በዚያው ኬብል ስልክ ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኙ። ስልኩ ላይ ፋይል ማስተላለፊያውን መርጠውም ቻርጅ ከማድረግ በቀር ምንም ካልመጣ ኬብሉን ይቀይሩ። በዴስክቶፕ ላይ ከሆነ ከፊት ያለውን መሰኪያ ትተው ከኋላው ይሞክሩ።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ካሜራው ተገኝቶ ሳለ ሰው የሚፈልገው ሌላ ቦታ ነው። ፒቲፒ ወይም ኤምቲፒ በሚባሉት የፋይል ማስተላለፊያ መንገዶች የተገናኘ ካሜራ እንደ ፍላሽ የራሱ ድራይቭ ፊደል አይሰጠውም፤ በካሜራ ምልክት ብቻ ይቀመጣል። በማክ ላይ ኢሜጅ ካፕቸር የተባለውን ፕሮግራም ይክፈቱ።

እኔን ከጠየቁኝ ግን ለዕለት ሥራ ኬብሉን ትቶ ካርድ ሪደር፣ ማለትም ካርዱ ከካሜራው ወጥቶ የሚሰካበትን ትንሽ ማንበቢያ፣ መግዛት ይሻላል። የካሜራው ባትሪ አያልቅም፣ የካሜራው መሰኪያም በየቀኑ በመነካካት አይላላም።

ካርድ ሪደሩ ካርዱን ካላነበበው

ካርዱ ላይ የተጻፈውን ይመልከቱ። ኤስዲ የሚባለው እስከ 2 ጊጋባይት፣ ኤስዲኤችሲ እስከ 32፣ ኤስዲኤክስሲ ከዚያ በላይ ነው። አሮጌ ሪደር ባለ 64 ጊጋባይቱን ካርድ ባያነበው የካርዱ ጥፋት አይደለም። ሌላው ጠላት እርጥበት ነው። በጅማ ዝናብ ብዙ ወራት ስለሚቆይ ቦርሳ ውስጥ የከረመ ካርድ መዳቡ ላይ ቆሻሻ ይይዛል። በደረቅና ንጹሕ ጨርቅ ቀስ አድርገው ይጥረጉት፤ ረጥቦ ከሆነ ደህና አድርጎ ሳይደርቅ አይሰኩት።

«ዲስኩ ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ሲጠይቅ

ሰው በድንጋጤ እሺ ብሎ የሚጫነው እዚህ ላይ ነው። ፎርማት ካርዱን ባዶ ያደርገዋል፤ አይጫኑ፣ ካንስል ይበሉ።

ጥያቄው የሚመጣበት አንደኛው ምክንያት ቀላል ነው። ባለ 64 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ካርዶች ኤክስፋት በሚባል አደረጃጀት ይሠራሉ፤ ዊንዶውስ ኤክስፒ ተጨማሪ ማሻሻያ ካልተጫነለት ይህን አያውቅም። ካርዱ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ኮምፒውተሩ ባዶ ይመስለዋል። አዲስ ኮምፒውተር ላይ ይሞክሩት። ሁለተኛው ከበድ ይላል፦ ካሜራው እየጻፈ ሳለ ካርዱ ከወጣ ወይም ባትሪው ካለቀ የፋይሎቹ ማውጫ ይበላሻል። ፎቶዎቹ አሉ፤ የት እንዳሉ የሚናገረው ማውጫ ነው የተቀደደው።

ካርዱን ወደ ካሜራው ይመልሱት። ካሜራው ፎቶዎቹን ካሳየ ቅድም ያጣጣልኩት ኬብል እዚህ ዋጋ አለው፤ በእሱ ያውርዱ። ካሜራውም ካላሳየ ፎቶሬክ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ወይም ሪኩቫ አለ። የተገኘውን ፎቶ ኮምፒውተሩ ላይ እንጂ እዚያው ካርድ ላይ እንዳያስቀምጡ፤ ያልተገኘው ላይ ይጻፍበታል። በፎቶሬክ የወጡት ፋይሎች የቀድሞ ስማቸውን ስለማይዙ መለየቱ ጊዜ ይፈጃል። ቼክ ዲስክ የሚባለውም የማስተካከያ ፕሮግራም ካርዱ ላይ ስለሚጽፍ ፎቶው ከመዳኑ በፊት አይነካ። ሁሉም ወጥቶ ከተረጋገጠ በኋላ ካርዱን በካሜራው ውስጥ ፎርማት ያድርጉት።

ፎልደሩ ወደ ሾርትከት ሲቀየር

ከአጋሮ ሰርግ የተነሣ ፎቶ ለማሳተም ካርዱ ብዙ ሰው ፍላሽ የሚሰካበት ኮምፒውተር ላይ ይገባል። ሲመለስ ዲሲአይኤም የሚባለው የፎቶ ፎልደር ቀስት ያለበት ምልክት ሆኖ ይገኛል፤ ወይም ካርዱ ሞልቶ ሳለ ባዶ ይመስላል። ቫይረስ ነው። ዋናውን ፎልደር ደብቆ በምትኩ ራሱን የሚያስነሣ ሾርትከት አስቀምጧል፤ ስለዚህ ቀስቱን አይጫኑ።

በዊንዶውስ የፎልደር ማስተካከያ ውስጥ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ያድርጉ። ይህ ብቻውን ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውንም ምልክት ያንሡ። ፎልደሩ ፈዘዝ ብሎ ይወጣል። ፎቶዎቹን ብቻ ገልብጠው ይውሰዱ፣ በአንቲቫይረስ ይፈትሹ፣ ካርዱን ፎርማት ያድርጉ።

መከላከያው ከካርዱ ጎን ያለችው ትንሽ መቆለፊያ ናት። የሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ከመሰካትዎ በፊት ወደ ታች ሳብ ያድርጓት፤ በአብዛኛው ሪደር ካርዱ ላይ መጻፍ ይከለከላል። በኋላ ካሜራው ፎቶ አላነሣም ካለ መልሰው ይክፈቷት።

ጥቃቅኖቹ

ፋይሉ ተገልብጦ ካልተከፈተ ምናልባት ካሜራው በሮው፣ ማለትም ገና ባልተቀናበረ ጥሬ የፎቶ ፋይል፣ ያነሣው ነው። የካሜራው አምራች በነጻ የሚሰጠው ፕሮግራም ይከፍተዋል፤ ለወደፊቱ ካሜራውን በሮውና በተለመደው የፎቶ ፋይል ዓይነት በጄፔግ አንድ ላይ እንዲያነሣ ያድርጉት። ማውረዱ ከዘገየ ሪደሩንና መሰኪያውን ይዩ፤ ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ ቢበዛ 480 ሜጋቢት፣ 3.0 ግን 5 ጊጋቢት ያስተላልፋል። ሲያወርዱ ሁልጊዜ ኮፒ እንጂ ከት አይጠቀሙ፤ መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ካርዱ ላይ ያለው እንዳለ ይቆያል።

ከኮምፒውተር ወደ ካሜራ ሲመለስ

ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ አሳምረው ወደ ካርዱ ቢመልሱት ካሜራው ላያሳየው ይችላል። ካሜራዎች የሚከተሉት ሥርዓት አለ፤ ፎቶው በዲሲአይኤም ውስጥ ባለ ፎልደር መቀመጥ፣ ስሙም አራት ፊደልና አራት ቁጥር መሆን አለበት። ስሙ ተስተካክሎም እንኳ በሌላ ፕሮግራም የተነካካውን ፋይል ብዙ ካሜራ አይከፍተውም። ለሙሽሮቹ ቤተሰብ በቴሌቪዥን ለማሳየት ከሆነ በጄፔግ ፍላሽ ላይ ያድርጉትና ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰኩት።