ኢሚውኖሎጂን ከንፍፊት ጀምሮ መማር

ኢሚውኖሎጂ ሰውነት ራሱን ከበሽታ የሚከላከልበትን መንገድ የሚያጠና ትምህርት ነው። ጀማሪ ተማሪዎችን የሚያደናግራቸው የሴሎችን ስም ከመሸምደድ መነሳታቸው ነው። ይልቅ ወረቀት ላይ አንድ መስመር አስምሩና ሰዓት፣ ቀን፣ ሳምንት፣ ዓመት ብላችሁ ክፈሉት። እያንዳንዱን ሴል ሥራ በሚጀምርበት ጊዜ ላይ ጻፉት።

አጨዳ ላይ እግሩን እሾህ የወጋውን የመንዝ ገበሬ አስቡ። ባክቴሪያው ከቆዳ ሥር እንደገባ እዚያው የሚኖሩት ማክሮፋጆች፣ ተውሳክ የሚውጡ ሴሎች፣ ይለዩታል። የሚለቁት ኬሚካል የደም ሥሩን ስለሚያሰፋው ቦታው ይቀላል፣ ይሞቃል፣ ያብጣል፣ ይጠዘጥዛል። በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ይጎርፋል፤ መግል የምንለው በአብዛኛው የእሱ ሬሳ ነው።

ቆይቶ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ይወጣል። እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፣ የትምህርቱ እምብርት ነውና። ዴንድሪቲክ ሴል የሚባለው መልእክተኛ ሴል የባክቴሪያውን ቁራጭ ይዞ በሊምፍ ቧንቧ ወደ ብሽሽቱ ዕጢ ይሄዳል። እዚያ ከሚገኙት ሊምፎሳይቶች (ቲ ሴልና ቢ ሴል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች) ቁራጩ የሚገጥማቸው እጅግ ጥቂት ናቸው። እነዚያ እስኪባዙ ቀናት ይፈጃል፤ ዕጢውም ያብጣል። ንፍፊቱን ማሸት ስለዚህ ፋይዳ የለውም፣ ምንጩን እግር ላይ ፈልጉ። ከቲ ሴሎች ገሚሱ ሌሎችን ያግዛል፣ ገሚሱ የተበከለ ሴል ይገድላል። ከቢ ሴል የሚወጣው አንቲቦዲ፣ ተውሳኩ ላይ የሚጣበቅ ፕሮቲን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይወስዳል። የማስታወሻ ሴሎች ስለሚቀሩ በሁለተኛው ጊዜ በቀናት ይደርሳል።

አሁን የሕፃን ክትባት ካርድ አውጡ። ፔንታቫለንት የሚባለው አምስት በሽታ የሚከላከል ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት የሚደጋገመው ማስታወሻው እንዲጠነክር ነው። የኩፍኝ ክትባት እስከ 9 ወር የሚቆየው ደግሞ በእንግዴ ልጅ በኩል ያለፈው የእናት አንቲቦዲ የክትባቱን ቫይረስ ሳይራባ ስለሚያከሽፈው ነው። ማስታወሻ ሁሉ ግን እኩል አይደለም። ኩፍኝ አንዴ የያዘውን በአብዛኛው አይደግመውም፤ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ወባ የያዘው የደብረ ብርሃን ሰው ግን ደግሞ ሊታመም ይችላል፣ ተውሳኩ የላይ ፕሮቲኑን ይቀያይራላ።

መስመሩን በእብድ ውሻ ንክሻ ፈትሹት። ቁስሉ ወዲያውኑ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ተቋም ተሂዶ ክትባት ይጀመራል። ክትባቱ አንቲቦዲ እስኪያስመርት ያለውን ክፍተት የሚሞላው ተዘጋጅቶ የመጣ አንቲቦዲ፣ ኢሚውኖግሎቡሊን፣ ቁስሉ ውስጥና ዙሪያ ይወጋል። ክትባቱ ከተጀመረ 7 ቀን ካለፈ ግን አይሰጥም፤ ሰውነት የራሱን ማምረት ስለጀመረ ከውጭ የመጣው ያንን ሊያዳክም ይችላል።