ደም ላስታወከ ሰው የአደጋው መጠን እንዴት ይገመታል?

ደም ያስታወከ ሰው፣ ወይም ሬንጅ የመሰለ ጥቁርና የሚያጣብቅ ሰገራ የወጣው ሰው፣ ነገ ይሻለዋል ተብሎ ቤት አይተኛም። ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚወሰደው። ትውከቱ የግድ ቀይ አይሆንም፤ ጨጓራ ውስጥ የቆየ ደም የቡና አተላ ይመስላል።

መጀመሪያ የልብ ምትና የደም ግፊት ይለካል። የልብ ምቱ ከላይኛው የግፊት ቁጥር ከበለጠ ነገሩ አስጊ ነው። ሌላው ጥያቄ ሳይጠበቅ በደም ሥሩ ፈሳሽ ይጀመርለታል፣ የደም ዓይነቱም ይታያል። እንደ ፕሮፕራኖሎል ወይም አቴኖሎል ያለ የልብ ምትን የሚያዘገይ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን እየደማም ልቡ ላይፈጥን ይችላል።

ቀጥሎ ጥያቄ ነው። ራሱን ስቶ ነበር? የጉበት ወይም የልብ ድካም ሕመም አለበት? ለጉልበት ሕመሙ ብሎ እንደ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ያለ ማስታገሻ ይውጣል? አስፕሪንስ? ደም ማቅጠኛስ? እዚህ ላይ ቤተሰብ ትልቅ ሥራ አለው፤ እባካችሁ የመድኃኒቶቹን ካርቶን ሰብስባችሁ ይዛችሁ ኑ። የብረት ኪኒንም ሰገራ ስለሚያጠቁር አብራችሁ ተናገሩ። ጣና ዙሪያ ላደገ ሰው ቢልሃርዚያም ይታሰባል። ጉበትን ጎድቶ የምግብ ቧንቧ ደም ሥሮችን ሊያሳብጥ ይችላል፤ እነሱ ሲፈነዱ ደሙ ብዙ ነው።

ከዚያ ላብራቶሪ። ብዙ ሰው የሚዘናጋው እዚህ ነው፤ የመጀመሪያው ሄሞግሎቢን (በቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለው ኦክስጅን ተሸካሚ) ደህና ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሰው ሲደማ ቀይ ሴሉም ፈሳሹም እኩል ስለሚወጣ ቁጥሩ ወዲያው አይወርድም። ስለዚህ ከሰዓታት በኋላ ይደገማል። ዩሪያም (ፕሮቲን ሲፈጭ ደም ውስጥ የሚገኝ ቆሻሻ) ይለካል፤ ወደ አንጀት የወረደ ደም ሲፈጭ ዩሪያን ከፍ ያደርጋል።

አሁን ሁሉም ይደመራል። ሐኪሞች የአደጋውን መጠን ለመገመት የሚጠቀሙበት የግላስጎው ብላችፎርድ ነጥብ ከ0 እስከ 23 ይሄዳል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል አደጋውም ይጨምራል። አንድ ጎልማሳ ወንድ እንውሰድ። የልብ ምት 112፣ 1 ነጥብ። የላይኛው ግፊት 96፣ 2። ጥቁር ሰገራ፣ 1። ራስን መሳት፣ 2። ሄሞግሎቢን 11፣ 3። ዩሪያው ሳይቆጠር 9 ደረሰ። ይህ ሰው ይተኛል፤ ከተረጋጋ በኋላም በ24 ሰዓት ውስጥ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ በአፍ ገብቶ ጨጓራን ማየት) ቢደረግለት ይመረጣል። ሄሞግሎቢን ከ7 ሲወርድ ብዙውን ጊዜ ደም ይሰጣል፤ የልብ ሕመምተኛ ከዚያ ቀደም ብሎም ሊያስፈልገው ይችላል።

ነጥቡ 0 ወይም 1 የሆነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በቀጠሮ ወደ ቤቱ መሄድ ይችላል። ሲሄድ ግን ዳይክሎፌናኩን ያቁም፤ አስፕሪንና ደም ማቅጠኛን ሐኪሙን ሳይጠይቅ አያቋርጥ። ጥቁሩ ሰገራ ከተመለሰ ወይም ሲነሳ ካዞረው ቀጠሮውን ሳይጠብቅ ይመለስ።