አባል መመዝገብ ቀላል ነው፣ ማቆየት ግን፦ እኛ ራሳችን የሠራናቸው ስህተቶች

ደሴ ውስጥ በአንድ የበጎ ፈቃድ ክበብ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ጸሐፊ ሆኛለሁ፣ ሒሳብ ይዣለሁ፣ ወንበር ተሸክሜያለሁ። አባል መመዝገብ ቸግሮን አያውቅም። የቸገረን ማቆየት ነው። መዝገባችን በስም ሞልቷል፣ አዳራሹ ግን ባዶ ነው።

ጥፋቱን ብዙ ጊዜ ሰዉ ላይ እንጥላለን። «የዛሬ ልጅ ጥቅም ካላየ አይመጣም» የሚል ሰው በየስብሰባው አይጠፋም። እኔም ብዬዋለሁ። ግን ይህ እኮ ወሎ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ ቅሬ ሲጠራ የማይነሳ የለም። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ሰዎች የደሴን ትምህርት ቤቶች ሲሞሉ ማን ቅስቀሳ አደረገ? እናቶች እንጀራቸውን በሰፌድ ይዘው ራሳቸው መጡ። ፈቃዱ አለ ማለት ነው። ያው ሰው እኛ ዘንድ ሲመጣ የሚጠፋ ከሆነ፣ ችግሩ እኛ ዘንድ ነው።

ስህተቶቻችንን አንድ በአንድ ልናገር። የሌላ ክበብ ሰው ቢያነበው ምናልባት አንዱን ሳይሠራው ይተርፋል።

በአንድ ቀን ጀማ መመዝገብ

አንድ ዓመት መስከረም ላይ ድንኳን ተከልን፣ ሙዚቃ ከፈትን፣ ቲሸርት አደልን። በአንድ ቅዳሜ ከ60 ሰው በላይ ተመዘገበ። ፎቶ ተነሳን፣ ደስ አለን። ሁለተኛው ስብሰባ ላይ የመጡት 9 ናቸው። ለአንዱ ስንደውልለት «የምን ክበብ?» አለን። ቲሸርቱን ግን ይወደዋል፤ ፒያሳ ላይ ለብሶት አየዋለሁ።

አብዛኞቹ የፈረሙት ጓደኛቸው ስለፈረመ ነው። ዓለም አቀፉን የበጎ አገልግሎት ክበብ ሮታሪን ፖል ሃሪስ የተባለ ጠበቃ ቺካጎ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1905 ሲጀምረው፣ የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ የተገኙት አራት ሰዎች ነበሩ። በየሥራ ቦታቸው እየተዟዟሩ ነበር የሚሰበሰቡት፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው፤ በእንግሊዝኛ «የሚዞር» እንደማለት ነው። የሮታሪና እንደ እሱው ዓለም አቀፍ የሆነው የላየንስ ክበቦች እስከ ዛሬ ድረስ አዲስ ሰው በአብዛኛው የሚያስገቡት ነባር አባል ሲያቀርበው ነው። ለምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ያቀረበህ ሰው ስለ አንተ ያፍራል፣ ስለ አንተ ይኮራል። ድንኳን ግን ስለ ማንም አያፍርም።

አሁን ደንባችን አጭር ነው። አንድ አባል በዓመት አንድ ሰው ያመጣል። ያመጣው ሰው አጠገቡ ለ3 ወር ይቀመጣል።

ሸክሙን ደብቆ መጋበዝ

«ኧረ ምንም አይከብድም፣ በወር አንዴ ብቅ ማለት ነው» እንል ነበር። ሰውየው አምኖ ይገባል። በወሩ መዋጮ ይመጣል። በክረምት የአረጋውያን ቤት እድሳት ይመጣል። እድሳት ማለት ደግሞ ሱሪ አጥፎ ጭቃ መርገጥ ነው። ከዚያ የደም ልገሳ፣ ከዚያ ለተማሪ ደብተር ማሰባሰብ። ሰውየው እንደተታለለ ይሰማዋል። እውነቱን ነው፣ ተታሏል።

ቅሬን እዩት። ስትገባ መግቢያውን ይነግሩሃል፣ ወርሃዊውን ይነግሩሃል፣ ስትቀር የምትቀጣውን ይነግሩሃል፣ ድንኳን እንደምትሸከምም ይነግሩሃል። ማንም «ከብዶኛል» ብሎ አይሸሽም። ሰው ከባድ ነገር አይጠላም። ያልነገሩትን ነገር ነው የሚጠላው።

ምን ትሠራለህ ብሎ አለመጠየቅ

ይሄኛው እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

አንድ ዝምተኛ ሰው ነበረን። ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር፣ በሩ አጠገብ። በሰዓቱ ይመጣል፣ መዋጮውን ይከፍላል፣ ሳይናገር ይሄዳል። በዚያ ሰሞን ለአንድ ትምህርት ቤት የተሰባበሩ ዴስኮችን ልናስጠግን ተነስተን ነበር። ዴስኮቹን መኪና ተከራይተን ኮምቦልቻ ድረስ ወሰድናቸው፣ አስበየድናቸው፣ መለስናቸው። ከጥገናው ይልቅ ማመላለሱ ኪሳችንን ጎዳው። ሪፖርቱ ሲነበብ ሰውየው ተነሳ። ወንበሩን ወደ ቦታው ገፋ አድርጎ ወጣ። አልተመለሰም።

ከወራት በኋላ ሻይ ቤት አገኘሁት። «ምነው ጠፋህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ እኔ እንጀራዬ ብየዳ ነው» አለኝ። «ቤቴም ከትምህርት ቤቱ ብዙ አይርቅም። አንድም ሰው ምን ትሠራለህ ብሎ አልጠየቀኝም።»

ሻዩን ከፈልኩለት። ሌላ ምን ላድርግ?

ከዚያ ወዲህ አዲስ ሰው ሲመጣ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። ምን ትሠራለህ? የትኛው ቀን ይመችሃል? ምን መማር ትፈልጋለህ? ሦስተኛውን ብዙ ክበብ ይረሳዋል። ሰው ለመስጠት ብቻ አይመጣም፤ ማደግም ይፈልጋል። አንዲት የኮሌጅ ተማሪ «ሒሳብ አያያዝ በተግባር ማየት እፈልጋለሁ» አለችን። ከገንዘብ ያዣችን ጎን አስቀመጥናት። መጀመሪያ ደረሰኝ ስትቆርጥ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዓመቱ ግን የሒሳብ ሪፖርቱን ቆማ ያነበበችው እሷ ናት። ንግግር አሳምራም አይደለም፣ ቁጥሯ ስለገጠመ ተጨበጨበላት።

ሌላዋ ደግሞ ደም ልትለግስ ሁለት ጊዜ ተሰልፋ ሁለቴም ተመለሰች። ለጋሽ ዕድሜው 18፣ ክብደቱ ቢያንስ 45 ኪሎ መሆን አለበት፤ እሷ ቀጭን ናት። «አልጠቅማችሁም» ብላ ቀረች። ደም ማሰባሰብ እኮ ደም መስጠት ብቻ አይደለም። ለጋሽ የሚመዘግብ፣ ከለገሰ በኋላ ጁስ የሚሰጠው፣ 3 ወሩ ሲሞላ ደውሎ የሚያስታውሰው ሰው ያስፈልጋል። ዛሬ አስታዋሿ እሷ ናት። አትምራችሁም፤ ቀኑ ሲደርስ ስልክ ዘግታችሁ ካልተደበቃችሁ በቀር አታመልጧትም።

ሲቀር ዝም ማለት

ከሁሉም የከፋው ይሄ ይመስለኛል።

ቅሬ ላይ ሁለት ጊዜ ቅር። በሦስተኛው ሰው ቤትህ ይመጣል። ሊቀጣህም ሊሆን ይችላል፣ ግን መጀመሪያ «ምን ሆንክ?» ይልሃል። ታመህ እንደሆነ ይታወቃል፣ ተቸግረህ እንደሆነ ይታወቃል። መቅረትህ ይታያል። የቅሬ ጉልበቱ ቅጣቱ አይደለም፣ ይሄ መታየቱ ነው።

እኛስ? አባል ሦስት ወር ይቀራል፣ ስሙ ከወረቀት ላይ አይሰረዝም፣ ማንም አይደውልም። ሰውየው ቤቱ ተቀምጦ «ሳልኖር ምንም አልጎደለባቸውም» ይላል። ከዚያ በኋላ የሚመልሰው የለም።

ስንደውልም አበላሽተናል። «ጠፋህ አይደል!» ብሎ መጀመር ሰውን ተከሳሽ ያደርገዋል። ምክንያት መደርደር ይጀምራል፣ ስልኩን ሲዘጋ ይገላገላል። ከዚህ የሚብሰው ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ያልመጣችሁ አባላት ምክንያታችሁን አሳውቁ» ብሎ መለጠፍ ነው። እኔ ራሴ ለጥፌዋለሁ። በዚያው ሌሊት አራት ሰው ከግሩፑ ወጣ።

አሁን መዝገባችን ላይ አንድ ዓምድ ጨምረናል፤ «ማን ደወለ» ይላል። የቀረ ሰው ስም አጠገብ የደዋዩ ስም ይጻፋል። የሚደውለው ሊቀመንበሩ አይደለም፣ ያመጣው ሰው ነው። ወጉም እንደ አገራችን ነው። ሰላም ነው ወይ፣ እማማ ደህና ናቸው ወይ፣ ልጆቹስ። የክበቡ ነገር መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ባይመጣም ግድ የለም።

የስብሰባ ነገር

ወሎ ላይ ዓርብ ስድስት ሰዓት ተኩል ስብሰባ መጥራት ግማሹን አባል «አትምጣ» ማለት ነው፤ ጁምዓ ነው። እሁድ ጠዋት መጥራት ሌላውን ግማሽ ከቅዳሴ ማጣላት ነው። በረመዷን ከሰዓት ጠርቶ ማንዛዛት ለኢፍጣር የሚቻኮለውን ሰው ማስቀየም ነው። እኛ ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓትን መርጠናል፤ በረመዷን ወደ ረፋድ እናመጣዋለን።

ምግብም እንደዚሁ። አንድ ዓመት ማብቂያ ላይ ሥጋ አዘዝን። የማን እርድ ነው ሲባል ግማሹ ሰው እጁን ታጥቦ ዳቦ በላ። ወሎ ሠርግ ላይ ሁለት ድስት የሚጣደው ያለ ነገር እንዳልሆነ እያወቅን ነው ይሄን የሠራነው። ከዚያ ወዲህ የጋራ ማዕዳችን የጾም ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ሁሉም ከአንድ ትሪ ይበላል።

ርዝመቱን በተመለከተ፣ ያለፈው ቃለ ጉባኤ ለ40 ደቂቃ ሲነበብ የሰማ አዲስ ሰው ዳግም አይመጣም። ሮታሪ እንኳ በየሳምንቱ የመሰብሰብ የቆየ ልማዱን እ.ኤ.አ. በ2016 አላልቶ፣ ክበቦች በወር ሁለት ጊዜ ቢሰበሰቡ ይበቃል ብሏል።

ሁሉን ነገር አንድ ሰው እጅ ላይ መተው

አንድ ጎበዝ ሊቀመንበር ነበረን። ቁልፉ እሱ ጋ፣ ማኅተሙ እሱ ጋ፣ የለጋሾች ስልክ እሱ ጋ። እኛም ተመችቶን ነበር፣ አልዋሽም። አንድ ቀን ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ሄደ። ማኅተሙን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀብን።

እዚህ አገር ሰው ይሄዳል። አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ሳዑዲ፣ አንዱ ተመድቦ ወልድያ። ልናስቀረው አንችልም። ስለዚህ ክበብ ሲመሠረት ሰው እንደሚሄድ ታስቦ ነው መመሥረት ያለበት። ለእያንዳንዱ ኃላፊነት ምክትል፣ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ደብተር። የሮታሪ ክበብ ፕሬዚዳንት የሚያገለግለው በመደበኛው አንድ ዓመት ነው፣ ቀጣዩም ቀደም ብሎ ይታወቃል። ለእኛም አንድ ዓመት ያነሰ መስሎን ነበር። አላነሰም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው፤ ሎሚውን ግን ለአንድ ሰው አሸክመን ነበር።

ወጣቱን ወንበር አንሺ ማድረግ

«ልጆች፣ ወንበር አምጡ።» «ልጆች፣ ባነር ስቀሉ።» ውሳኔ ሲመጣ ደግሞ «እናንተ ገና ናችሁ።» ትልልቆቹ ክበቦች ይህ እንደማያዋጣ ቀድመው ስለገባቸው ለወጣት የራሱን ቤት ሠሩለት። የላየንስ የወጣቶች ክበብ ሊዮ በ1957፣ ለታዳጊዎች የሚሆነው የሮታሪ ኢንተራክት በ1962፣ ከእነሱ ከፍ ላሉ ወጣቶች የሚሆነው ሮታራክት በ1968 ተጀመሩ፤ ሁሉም እ.ኤ.አ. ነው። ሮታራክት የ30 ዓመት የዕድሜ ጣሪያውን ያነሳው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። የኛ ክበብ ያን ያህል አይራመድም። ግን አንድ ሥራ፣ በጀቱ ትንሽ ቢሆንም፣ ከነውሳኔው ለወጣቶቹ ሰጥተናል። መጀመሪያ የዘሩት ችግኝ ግማሹ ደረቀ። ሁለተኛ ዓመት ላይ ውኃ የሚያጠጣ ተራ አወጡ። እኛ ሽማግሌዎቹ ያን ተራ አስበነው አናውቅም ነበር።

ሁለት ትንንሽ የሚመስሉ

ገንዘብ። 50 ብር ብትሆንም ደረሰኝ ይቆረጥላት። ሐሜት ሳንቲም አይመርጥም፤ ሐሜት የገባበት ክበብ ውስጥ ደግሞ ጨዋው ሰው ቀድሞ ይወጣል።

ፎቶ። ለአንዲት እናት ዘይት ሰጥቶ አሥር ሆኖ ከቦ ፎቶ መነሳት። ጎረቤቶቿ የሚያዩት ፌስቡክ ላይ ይወጣል። ይህን አይታ የቀረች አባል አለችን፤ «እናቴን ብትሆንስ ብዬ ነው» አለች። የተቀባይን ፊት ማንሳት አቁመናል። የታደሰው ቤት ጣሪያ ራሱ ያምራል።

ባለፈው ስብሰባ ሁለት ሰው ቀረ። «ማን ደወለ» የሚለው ዓምድ በማግሥቱ ተሞላ። የአንዱ እናት ሐይቅ ታመው ነበር፤ ሦስት ሆነን ሄደን ጠይቀናቸው መጣን። ሌላዋ ደህና ናት። «አልታመምኩም፣ ስብሰባው ይረዝማል» አለች። ሰዓቱን አየን። አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ፈጅቶ ነበር።